ወንዙን ደጋግሞ ማወቅ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ በልጅነቱ ያልሰማ ከመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ነገር ግን ምሳሌን መስማትና ምሳሌው በገዛ ራስ ላይ ሲፈጸም ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ልዩነቱን የተረዳሁት ባለፈው ጥቅምት ወር ከእነዋሪ ወደ ጀማ ሸለቆ በወረድሁ ጊዜ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቢሾፍቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በዓመቱ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ከሐይቁ ዳር ካያክ የምትባለውን ጠባብ ታንኳ ተከራይተን ሁለት እሑድ ቀዘፍን። ካያክ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የምትነዳ ቀላል ታንኳ ናት። በመጀመሪያ የሠሯት በግሪንላንድና በሰሜን አሜሪካ ጫፍ የሚኖሩት የኢኑዊት ሰዎች ሲሆኑ፣ በእንጨት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ለአደን ይጠቀሙባት ነበር። ዛሬ ግን ከፕላስቲክና ከመሳሰለው እየተሠራች በዓለም ሁሉ ለስፖርት ታገለግላለች። እኔም በሁለተኛው እሑድ ታንኳይቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንደ ልቤ ባዞርኋት ጊዜ ሙያውን የጨረስሁ መሰለኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እነዋሪ ሄድሁ። ቡና እየተጠጣ ሳለ ስለዚሁ ነገር ለአጎቴ አጫወትኋቸውና፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ባለች ታንኳ ጀማን ከላይ እስከ ታች ብንወርድበት እኮ ስንት ጎብኚ በመጣልን ነበር!» አልኋቸው። አጎቴ በወጣትነታቸው ዘመን ጀማን እየተሻገሩ ከማዶ ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ለመሆኑ ጀማን ስንት ጊዜ አይተኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሁለት ጊዜ፤ አንዴ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኜ፣ አንዴም በመኪና በድልድይ ሳልፍ» ብዬ መለስሁ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ «ነገ በማለዳ እንወርዳለን» አሉ እንጂ።

ከአፋፉ እስከ ወንዙ

እነዋሪ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ ናት። የጅሩ አገር በጤፉ፣ በስንዴውና በተለይም በሰንጋው ስመ ጥር መሆኑን አዲስ አበባ ላይ ለበዓል በሬ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዋልካ ደግሞ በክረምት ውሃ ይቋጥርና ሰብሉን ያጠፋል። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬ ከነቤተ ሰቡ አፈሩን በእጁ እየሰበሰበ ሰፋፊ መደብ ያበጃል፤ በመደቡና በመደቡ መካከልም ውሃው የሚወርድበትን ቦይ ያወጣል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ባለሙያዎች ይህን ዘዴ አጥንተው፣ ያንኑ መደብ በበሬ ጕልበት የሚያወጣ መሣሪያ እስከ መሥራት ደርሰዋል። በዚያ ማለዳ በማሳው መካከል ስናልፍ አጎቴ ቦዮቹን በዱላቸው እያመለከቱ፣ «ይህ ሁሉ የተሠራው ውሃው ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ታይቶ ነው፤ በአንድ ክረምት ግን አልታየም» አሉኝ። እኔ ስለ እርሻ የተናገሩ መስሎኝ ነበር።

ሜዳው ሲሄዱበት ቆይተው ሳያስቡት ያልቃል። ከአፋፉ ላይ ቆመው ቢመለከቱ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ጀማ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ከላይ ጋቢያችንን ደርበን የተነሣን ሰዎች ከታች ስንደርስ ሸሚዛችን እንኳ ከበደን። ከላይ ክር የመሰለኝ ወንዝም ከአጠገቡ ሲቆሙ ጩኸቱ ሰው ለሰው አያነጋግርም።

አጎቴ ወደ ውሃው ለመግባት አልቸኮሉም። አንድ ቅጠል ወረወሩና እስኪሰወር ድረስ በዐይናቸው ተከተሉት፤ ጥቂት ራመድ ብለው ደግሞ ሌላ ወረወሩ። እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ጊዜ ማጥፋት መሰለኝ። ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል፤ ከጉልበት የሚያልፍ አይመስልም። «ጋሼ፣ ልሻገረው?» አልኋቸው። «ዋና ትችላለህ?» «እችላለሁ።» «እንግዲያስ ጫማህንና ልብስህን አውልቅና ግባ» አሉኝ። ይህን ብለው ከአጠገቤ ራቁ፤ ወደ ታች አርባ እርምጃ ያህል ወርደው ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ ናቸውና ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ገባሁ።

ከዳሩ ውሃው በእርግጥ ከጉልበቴ በታች ነበር። ከወንዙ እኩሌታ ሳልደርስ ግን ወገቤን ያዘኝና እግሬ ከጠጠሩ ተነሣ። ያን ጊዜ ማንም ጀማሪ የሚያደርገውን ስሕተት አደረግሁ፤ ፊቴን ወደ መጣሁበት መልሼ ከውሃው ጋር ግብግብ ገጠምሁ። ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣሁ፤ ክንዴ ዛለ። ከዚያ በኋላ እኔ ሳልሆን ወንዙ ወሰደኝና ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ፣ ውሃው ረግቦ ወደ ኋላ ከሚዞርበት ስፍራ ጣለኝ። ቀና ብል አጎቴ ከዚያው ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጡ ነው፤ ዱላቸውን ዘርግተው ያዝ አሉኝ። ለካ ገና ከመግባቴ በፊት የት እንደምወጣ አውቀው ኖሯል!

«ወንዙ ሰውን የት እንደሚያደርስ ሳያውቁ ወንዝ አይገባም» አሉኝ። ሌላ ቍጣም ስድብም አልጨመሩም።

ውሃን ማንበብ

ከወንዙ በላይ ባለች መንደር ዘመድ ቤት እያደርን አራት ቀን ከዚያው መሻገሪያ ተመላለስን። ሌላ ስፍራ አላየንም። ከዚያ በኋላ ስለ ካያክ ትምህርት የተጻፈውን ባነብብ፣ የውጭ አገር አሠልጣኞች የሚያስተምሩትና አጎቴ ያሳዩኝ ነገር አንድ ሆኖ አገኘሁት።

የመጀመሪያው ትምህርት ከቋጥኝ ጀርባ ያለውን ውሃ ማወቅ ነው። ፈጣን ውሃ ቋጥኝ ሲገጥመው በግራና በቀኝ ይከፈላል፤ ከቋጥኙ በታች ባዶ የቀረውን ስፍራ ለመሙላትም ወደ ላይ ይመለሳል። ይህ ተመላሽ ውሃ ለቀዛፊ እንደ ማረፊያ ቤት ነው። ጎበዝ ቀዛፊ ከአንዱ ማረፊያ እየተነሣ፣ የፊቱን አይቶ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል እንጂ ወንዙን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ አይወርድም። ነገር ግን ተመላሹና ወራጁ ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሁለቱ ታንኳይቱን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይስቧታልና፣ ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚገለበጠው በዚሁ ነው።

ሁለተኛው መሻገር ነው። ቀዛፊው ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ውሃው መምጫ አድርጎ፣ ታንኳይቱን ጥቂት ወደ ማዶ ያዘነብላል። ያን ጊዜ የሚገፋው ውሃ ራሱ ወደ ማዶ ይወስደዋል። የሸለቋችን ዋናተኞችም ለመውጣት ካሰቡበት ስፍራ እጅግ ከፍ ብለው ይገቡና በሰያፍ ይዋኛሉ፤ ውሃውንም እንደ አጋሰስ ይጫኑታል። እኔ ግን በቀጥታ ልሻገር ስል ከውሃው ጋር ተጣላሁ።

ሦስተኛው ተገልብጦ መቃናት ነው። የኢኑዊት አዳኝ በዚያ በረዶ ባሕር ውስጥ ከታንኳው ቢወጣ ወዲያው በብርድ ይሞታል፤ ስለዚህ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ እንዳለ በመቅዘፊያውና በወገቡ እጥፋት ተመልሶ የመቃናትን ዘዴ አወጣ። ይህ ዘዴ በረጋ ውሃ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ እንኳ በመጀመሪያው ድንጋጤ ይጠፋል። አእምሮ ሲደነግጥ አካል በራሱ እንዲሠራ ማድረግ የሚቻለው በመደጋገም ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰው ለምን በየሳምንቱ አዲስ ወንዝ አይሞክርም? ለምንስ አንዱን ወንዝ መላልሶ ይወርዳል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባልታወቀ ወንዝ ላይ የሰው ሐሳብ ሁሉ በፍርሃት ይያዛል፤ ትምህርት የሚገባበት ስፍራ አይተርፍም። በታወቀው ወንዝ ግን ፍርሃቱ ይቀንስና ቀዛፊው ስሕተቱን ለማየት ጊዜ ያገኛል። ትናንት በዚህ ቋጥኝ ጀርባ ለመቆም አቅቶት እንደ ሆነ፣ ዛሬ ቋጥኙ ያው ነውና የተለወጠው የእርሱ ሙያ መሆኑን ያውቃል። ወንዙም እየቀለለው ሲሄድ ሌላ ወንዝ ከመፈለግ ይልቅ ያንኑ ያከብደዋል፤ በየቋጥኙ ጀርባ ይቆማል፣ በጥቂት ቀዘፋ ብቻ ይወርዳል፣ ከወረደም በኋላ ታንኳውን ተሸክሞ ይመለስና እንደ ገና ይጀምራል።

ዓባይ የተፈተነባቸው ሰዎች

ጀማ የሚገባው ወደ ዓባይ ነው። ዓባይም የዓለምን ቀዛፊዎች ሲያስጨንቅ የኖረ ወንዝ ነው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመሩት የእንግሊዝ ጦር ጓድ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ መጥቶ ዓባይን በጎማ ጀልባ ወረደ። ሰዎቹ የሠለጠኑ ወታደሮች ነበሩ፤ ቢሆንም ኢያን ማክሊዮድ የተባለው ወታደር አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። ከጓዱ ጋር የነበረው ስመ ጥሩ ተራራ ወጪ ክሪስ ቦኒንግተንም ለጥቂት ከመስጠም ተረፈ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ደግሞ ማይክ ጆንስ የተባለ የሕክምና ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር በካያክ መጥቶ የዓባይን አስቸጋሪ ክፍል ወረደ። ይህ ጎበዝ እንኳ በ1978 በፓኪስታን ብራልዱ በተባለ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ለማዳን ሲሞክር ሞቷል። ሙያ አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም።

በ1973 የኦሞን ወንዝ የወረዱት አሜሪካውያንም ለአንባቢ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። መሪያቸው ሪቻርድ ባንግስ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት በአገሩ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ መንገደኞችን እየመራ ያንኑ ሸለቆ ሲመላለስበት ቆይቶ ነበር። ወደማያውቀው ኦሞ የገባው አንድ ወንዝ ካወቀ በኋላ ነው። ኋላም ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሰዎች ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲቴራኒያን ባሕር ደረሱ። ጕዟቸውም በ2003 ታኅሣሥ ተጀምሮ በ2004 ሚያዝያ ተፈጸመ።

አዲስ ነገር ለማየት የሚመጣ ሰው የሚደነቅለት ጕዞውን ነው። ጕዞውን ያስቻለው ግን ማንም ሳያይ በሰፈር ወንዝ ላይ ያለፈው ጊዜ ነው።

አንድ ቦይ፣ አራት ወርቅ

የወንዝ ቀዘፋ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የገባው በ1972 በሙኒክ ነው። ውድድሩ የተደረገው በአውግስቡርግ ከተማ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የውሃ ቦይ ነበር። ተወዳዳሪው በውሃው ላይ በተንጠለጠሉ በሮች መካከል ያልፋል፤ ዛሬ ባለው ደንብ በሩን ቢነካ ሁለት ሴኮንድ፣ በሩን ቢዘልል ኀምሳ ሴኮንድ ይጨመርበታል። ምሥራቅ ጀርመኖች ይህን ቦይ አስቀድመው ካጠኑ በኋላ፣ በአገራቸው በጽቪካው ከተማ እርሱን የመሰለ ቦይ ሠርተው ደጋግመው ተለማመዱበት። በውድድሩ ቀን እንግዳ ሆነው አልመጡም፤ በልባቸው የሚያውቁትን ውሃ ወረዱና አራቱንም የወርቅ ሜዳልያ ወሰዱ።

የእኛም አበበ ቢቂላ፣ የሰሜን ሸዋው የጃቶ ልጅ፣ በ1960 በሮም ከመሮጡ በፊት ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ሆኖ መንገዱን አስቀድሞ አይቶ ነበር። የአክሱም ሐውልት በቆመበት ስፍራ መንገዱ ጥቂት ዳገት መሆኑን ተመልክተው፣ ፍጥነቱን የሚጨምረው በዚያ እንዲሆን ተስማሙ። በሌሊቱ ሩጫም እንደዚያው ሆነ። ሐውልቱ ዛሬ ከሮም ተመልሶ በአገሩ በአክሱም ይገኛል፤ የአበበ ትምህርት ግን እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደ ተመለሰ እንጃ።

በአፍሪካም ቢሆን ይህ ስፖርት ባዕድ አይደለም። በ2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ቤንጃማን ቡክፔቲ ለቶጎ የነሐስ ሜዳልያ በካያክ አስገኝቷል፤ ይህም ለቶጎ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነበር። እርሱ ግን ተወልዶ ያደገው በፈረንሳይ ነው። በኡጋንዳ በጂንጃ ከተማ አጠገብ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ስለሚወጣ ውሃው በጋ ከክረምት አይጎድልም፤ ስለዚህ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቀዛፊዎች ዓመቱን ሙሉ ይለማመዱበታል፤ የመንደሩ ልጆችም እነርሱን እያዩ ቀዛፊ ሆነዋል። ሆኖም በ2012 የቡጃጋሊ፣ በ2019 ደግሞ የኢሲምባ ግድብ ሲፈጸም ብዙው ፈጣን ውሃ ከሐይቅ በታች ቀረ። በእኛም አገር ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ እነ ብላሽፎርድ ስኔል ከወረዱበት ሸለቆ የታችኛው ክፍል ሐይቅ ሆኗል። የታወቀ ወንዝም ይለወጣልና፣ ሰው ሊይዘው የሚገባው የድንጋዮቹን ስም ሳይሆን ውሃን የማየት ልማድን ነው።

ጀማ አራት ወንዝ ነው

በአራተኛው ማታ አጎቴን «ጋሼ፣ አንድ ሰው ይህን መሻገሪያ ለማወቅ ስንት ጊዜ መመላለስ አለበት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና የአንድ ባልንጀራቸውን ነገር አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው አብረው ይነግዱ ነበር፤ መሻገሪያውንም ባልንጀራቸው ከእርሳቸው የበለጠ ያውቀው ነበር። አንድ ቀን በሰኔ መግቢያ ደረሱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ውሃው ግን ጥቂት ደፍርሶ ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። አጎቴ «ትንሽ እንቆይ» ሲሉ፣ ባልንጀራቸው «ይህን መሻገሪያ ለእኔ ታስተምረኛለህ?» ብሎ ሳቀና ገባ። ደራሹ ከእኩሌታው ላይ ያዘው። ሬሳው በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

«ያልነበረው ዕውቀት አይደለም» አሉኝ አጎቴ፤ «የዚያን ቀን አላየውም እንጂ።»

ጀማ እንደ ጂንጃ ውሃ አይደለም። የደብረ ብርሃኑ በሬሳም ሆነ ከመንዝ የሚወርዱት ወንዞች ወደ ጀማ ነው የሚገቡት፤ ስለዚህ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በሸለቆው ሰማይ ሳይደመን ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ቡናማ ጎርፍ ነው፤ ማንም ሊደፍረው አይገባም። በጥቅምትና በኅዳር ይጠራል፤ ነገር ግን ጕልበቱ ገና አልበረደም። በበጋ ጎድሎ ድንጋዩ ይገጣል፤ ያን ጊዜ ከላይ የማይታየውን የወንዙን አጥንት ማጥናት ይቻላል። በበልግ ደግሞ ሳይታሰብ ይሞላና ይጎድላል። አራቱን ወንዝ ያላየ አንዱን አየሁ ሊል አይችልም።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በዚህ ስፖርት ረገድ በእኛ ላይ እንዳይፈጸም፣ ወጣቶች በወንዞቻችን ላይ ቢለማመዱ እወዳለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ዋና ይማሩ፤ መገልበጥንና መቃናትን በረጋ ውሃ ይጨርሱ። ከዚያም በዳሩ በእግር ሊከተሉት የሚቻል አንድ አጭር ስፍራ ይምረጡ፤ ከሦስት ባላነሰ ሰው፣ ከተንሳፋፊ ሰደሪያና ከራስ ቁር ጋር፣ ከዳር ገመድ የሚይዝ ሰው አቁመው ይሞክሩት። በየቀኑም ውሃው የትኛው ድንጋይ ድረስ እንደ ደረሰ ይጻፉ። ከሁሉ አስቀድሞ የዚያን ወንዝ ሽማግሌ ይጠይቁ።

ይህ ነገር ለቀዛፊ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ከመካከላችን አንዱን መጽሐፍ ሳይጨርስ ሁለተኛውን የሚገልጥ ተማሪ አለ፤ በተመደበበት ወረዳ አንድ ክረምት ሳይከርም ዝውውር የሚጠይቅ ወጣት ሹም አለ፤ እኔም በሁለት እሑድ ቀዛፊ የሆንሁ ነበርሁ። በሌላም ወገን ሥራውን ከልምዱ ብዛት የተነሣ ማየት የተወ ሰው አለ። የፊተኛው ወንዙን አያውቀውም፤ የኋለኛው የዛሬውን ውሃ አያይም። ውሃው ለሁለቱም አያዳላም።

በአራተኛው ቀን ከፍ ብዬ ገብቼ፣ በሰያፍ ዋኝቼ፣ ካሰብሁበት ስፍራ ደርሼ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ዘወር ብዬ ተመለከትሁ። አጎቴ እንደ መጀመሪያው ቀን ሁሉ አርባ እርምጃ ወደ ታች ወርደው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከዚያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።